ጉዞ ስትወጡ ውሻችሁን ለማን ትተዋላችሁ? ለባሕር ዳርና ለደብረ ማርቆስ ሰዎች

በዓል ሲደርስ ውሻ ያለን ሰዎች ሁላችንም አንድ ዓይነት ስልክ እንደውላለን። «ለትንሽ ቀን ልወጣ ነበር፣ ውሻዬን የሚያቆይልኝ ሰው ታውቃለህ ወይ?» መልሱ ቶሎ ይመጣል። «ኧረ ምን ችግር አለው፣ እኛ ጋ አምጣው!» ደስ ይላል። ግን እሺ ያለንን ሰው «ቆይ እስቲ መጀመሪያ ግቢህን ልየው» ማለት ያሳፍረናል። ይሉኝታ ይዞን ገመዱን አስረክበን መኪና ላይ እንወጣለን፤ ደጀንን አልፈን ዓባይ በረሃ ስንወርድ ደግሞ ጭንቀቱ ይጀምራል።

ታፔላ ያለው የውሻ ማቆያ ፍለጋ ብዙ አትድከሙ። እኛ ጋ የሚፈለገው ሰው ነው። ጎረቤት፣ ጡረታ የወጣ አባወራ፣ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ፣ የግቢ ጥበቃ፣ ውሻ አርቢ። ስለዚህ ዋናው ሥራ ሰው ማጣራት ነው። ማጣሪያው ጥያቄ ደግሞ ለእኔ አንድ ነው፦ ማታ ምን ይሆናል? ቀንማ ማንም ይጠብቃል። ልጆች አሉ፣ ሠራተኛ አለች፣ በር ላይ ሰው ይመላለሳል። ውሻ አጥር ዘሎ የሚሄደው፣ ከመንገድ ውሻ ጋር የሚናከሰው፣ ጅብ የሚበላው ከመሸ በኋላ ነው። «ውሻ እወዳለሁ» የሚለውን ቃል ሰምታችሁ እለፉት። ሁሉም ይላል።

የት ይገኛል?

መጀመሪያ የእንስሳት ክሊኒክ ሂዱ። እዚያ ያለው ባለሙያ ማን ውሻውን በየዓመቱ እንደሚያስከትብ፣ ማን ደግሞ ውሻው ሊሞት ሲያጣጥር ብቻ በባጃጅ ጭኖ እንደሚመጣ ያውቃል። «ጥሩ ሰው ታውቃለህ?» አትበሉት፤ ለዚህ ጥያቄ ሁሉም ጥሩ ሰው ነው። «ዶክተር፣ አንተ ብትሆን ውሻህን ለማን ትተዋለህ?» በሉት። ዝም ብሎ ትንሽ ካሰበ በኋላ የሚሰጣችሁ ስም ዋጋ አለው።

ባሕር ዳር ያላችሁ በዩኒቨርሲቲው ዘንዘልማ ግቢ የሚማሩ የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎችንም አስቡ። በእርግጥ ዶርም ውስጥ ውሻ ማሳደር አይቻልም። እናንተ ቤት መጥቶ እንዲያድር ግን ይቻላል፤ እንደ እኔ ከሆነ ለጥበቃ ውሻ ከዚህ የተሻለ የለም። ውሻው አጥሩን ያውቃል፣ ሽታው የራሱ ነው፣ ቤታችሁም ባዶ አይሆንም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የቤት ቁልፍ የምትሰጡትን ሰው ማመን። ዋስ የሚሆን ሰው ይጥራ፣ መታወቂያውን ፎቶ አንሱ፣ ጎረቤትም ይወቀው። በዚህ የሚቀየም ተማሪ ካለ ይቀየም።

ዘመድ ጋ መተው ነፃ ነው ይባላል። አይደለም። ለከፈላችሁት ሰው «ውሃ ሰጠኸው ወይ?» ትሉታላችሁ። ለአክስታችሁ ትላላችሁ? አትሉም። ውሻው ከስቶ ስታገኙትም «እግዜር ይስጥልኝ» ብላችሁ ነው የምትወጡት። ዘመድ ጋ ከተዋችሁ ትንሽም ቢሆን ክፈሉ፤ የመጠየቂያ ፈቃዳችሁን እየገዛችሁ ነው።

አርቢ ጋ መተው ሌላ ጣጣ አለው። ጀርመን ሼፐርድ እያራባ ቡችላ የሚሸጥ ሰው ውሻ አያያዝ ያውቅ ይሆናል፤ ግን ግቢው ውስጥ ብዙ ውሻ ይገባል ይወጣል። ፓርቮ የሚባለው ቡችላን ደም እያስቀመጠ የሚገድል ቫይረስ መሬት ላይ ለወራት ይቆያል፤ ተራ ሳሙና አይገድለውም፣ በረኪና ነው የሚፈልገው። ቡችላችሁ ክትባቱን ካልጨረሰ እንዲህ ያለ ግቢ አታስገቡት። በተረፈ ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ ለሚለጥፍና ቤቱን ለማሳየት ሰበብ ለሚያበዛ ሰው ገመዱን አትስጡት፣ በተለይ ውሻችሁ «የፈረንጅ» የሚባለው ዘር ከሆነ። ነገ ሌላ ከተማ ተሽጦ ታገኙት ይሆናል፣ ካገኛችሁት።

ግቢውን ማየት

ሲሆን ሲሆን ሳትደውሉ፣ አመሻሽ ላይ ሂዱ። ቡና ይፈላል፣ ወሬ ይመጣል። ጠጡ፣ አውሩ፣ ግን ዓይናችሁ ግቢው ላይ ይሁን። የእነሱ ውሻ የሚታሰርበትን ቦታ እዩ። ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ድረስ መሬቱ ክብ ሆኖ ከተላጠ፣ አንዲት ሣር ሳይተርፍበት እንደ አውድማ ከተጠፈጠፈ፣ ያ ውሻ አይፈታም ማለት ነው። አንገቱን ተመልከቱ። ማሰሪያው ያረፈበት ፀጉር ረግፎ ቆዳው ጠቁሯል? የውሃ ዕቃውን ጠርዝ በጣታችሁ ዳበስ አድርጉት። የሚያዳልጥ አረንጓዴ ነገር ከያዘ ውሃው የሚቀየረው ሲታወስ ብቻ ነው። ዕቃው ደርቆ ከተገለበጠ ደግሞ ቡናችሁን ጨርሳችሁ በሰላም ተሰናበቱ።

ውሻቸው ቢጮህባችሁ አትደንግጡ፣ ሥራው ነው። ባለቤቱ ሲጠጋው የሚያደርገውን ነው የምታዩት። ጭራውን እየቆላ ይመጣል፣ ወይስ ጭራውን እግሩ መሃል ከትቶ መሬት ላይ ይለጠፋል? ከዚህ በላይ የምስክር ወረቀት የለም።

ቀጥሎ አጥር። ከላይ ብቻ አትዩ፣ ከሥርም እዩ፤ ቆርቆሮው መሬት ካልነካ ውሻ አንድ ሌሊት ቆፍሮ ይወጣል። በሩስ? ብዙ ተከራይ ያለበት ግቢ ላይ እጠነቀቃለሁ። አንዱ ማታ 4 ሰዓት ይገባል፣ ሌላው ንጋት 11 ሰዓት ይወጣል፣ በሩን ማን ገርበብ አድርጎት እንደሄደ አይታወቅም። አዲስ ቦታ የገባ ውሻ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሐሳቡ ሁሉ ያቺ በር ላይ ነው።

ማታ የት ያድራል?

«እትዬ፣ ማታ የት ነው የሚያድረው?»

«ደጅ ነዋ ልጄ! ውሻ ደጅ ካላደረ ምኑን ውሻ ሆነ?»

ይሄ መልስ አያስከፋኝም። ጸሎት የሚደርስበት፣ ጸበል የሚቀመጥበት ቤት ውሻ አይገባም፤ በእኛ አካባቢ ብዙ ቤት እንደዚያ ነው፣ ማክበር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ዝናብ ሲመጣስ? በረንዳ አለ? ይታሰራል ወይስ ይለቀቃል? ጅብ ሲጮህ ማን ይነሳል? ከተማ ዳር ባሉ ሰፈሮች ጅብ እንደሚገባ ለጎጃም ሰው መንገር አያስፈልግም፤ አጥሩ በማያስተማምን ግቢ ደጅ ታስሮ የሚያድር ውሻ መሸሽም መታገልም አይችልም። እትዬ «ማታማ ማዕድ ቤት አስገብቼ እዘጋበታለሁ» ካሉ ጉዳዩ አለቀ። «እንግዲህ እግዚአብሔር ይጠብቀዋል» ካሉ ደግሞ፣ አሜን ብላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ብርዱንም አትርሱ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ ግን 2,400 ሜትር ያልፋል። የጣናን ሙቀት የለመደ ፀጉረ አጭር ውሻ በሐምሌ ማርቆስ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ሲያድር ይንቀጠቀጣል። ጆንያ፣ አሮጌ ብርድ ልብስ፣ ከሥር ጣውላ ካለ ይበቃል። ብርድ ልብሱ ከቤታችሁ የሄደ ይሁን፣ ሳይታጠብ። ሽታችሁ ያለበት ጨርቅ ላይ ቶሎ ይረጋጋል።

ጾምና በዓል

የምግቡ ነገር እኛ ጋ ለየት ያለ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ የምትተዉበት ቤት ሥጋ የለም፣ አጥንት የለም፣ ያለው ሽሮ ነው። እና ለውሻው ምን ይሰጡታል? እንጀራ በሽሮ። እነሱ የሚበሉትን ነው የሰጡት፣ ክፋት የለውም። ግን ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ፣ ቢበስሉም ያው ናቸው። ዶሮ ወጥ ከሆነማ ሽንኩርቱ ስንት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አንድ ጉርሻ ላይገድለው ይችላል፣ ሳምንት ሙሉ እሱን ሲበላ መክረም ግን ደም ማነስ ያመጣበታል። ስለዚህ የሚበላውን ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ፣ በየቀኑ ለክታችሁ በፌስታል ቋጥራችሁ ስጡ። ምግብ በድንገት ሲቀየር ተቅማጥ ይመጣል፤ ተቅማጡ ሲመጣ ደግሞ ጠባቂው ይደነግጣል፣ ጠባቂው ሲደነግጥ እናንተ አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁ ትደነግጣላችሁ።

በዓሉ ሲገባ ችግሩ ይገለበጣል። ምግብ ይበዛል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ይሰነጠቅና ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፤ ይከልከል። ሌላው የበግ ሳንባና ጉበት ነው። ውሃ የቋጠረ ነገር ታይቶበት «ይሄንን ለውሻ ጣሉት» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ያ የቋጠረው ነገር የኮሶ ዓይነት ትል ልጅ ነው። ውሻው ጥሬውን ሲበላው ሆዱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው፣ በተለይ ከውሻ ጋር ወደሚጫወቱ ልጆች ይሄዳል። የተበላሸው ይቀበር፣ ደህናው ተቀቅሎ ይሰጠው። ይሄን ስታስረዱ ስለ ልጆቻቸው እያነሳችሁ አስረዱ፣ ያኔ ይሰማል።

ድምፅም አለ። ለቡሄ፣ ነሐሴ 13 አካባቢ፣ ጅራፍ የሚጮህበት ሰፈር ከሆነ ድምፅ የሚፈራ ውሻ አጥር ሊያፈርስ ይችላል። ለጥምቀት ሕዝቡ ሲወጣ በር ተከፍቶ ይውላል። እና ከሁሉም በላይ ይቺን ጥያቄ አትርሱ፦ «አንተስ በዓሉን የት ነው የምትውለው?» ብዙ ሰው ገጠር ቤተሰብ ጋ ይወርዳል። እናንተ ለእሱ ትታችሁ ስትሄዱ እሱ ደግሞ ለጎረቤት ልጅ ትቶ ይሄዳል። ልጁ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም አላወቃችሁትም፣ ግቢውን ሲዘጋ አላያችሁትም።

ክትባት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፣ ሰውም ውሻም። ውሻ ከሦስት ወሩ ጀምሮ ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ገና የመጀመሪያው ከሆነ ከጉዞው አንድ ወር ቀድማችሁ አስከትቡት፣ ክትባቱ በተወጋ ማግስት አይሠራም። የእናንተን ካርድ አሳዩ፣ የእነሱንም ውሻ ካርድ ጠይቁ። «ተከትቧል፣ ተከትቧል» ካርድ አይደለም። ቀኑን አንብቡ።

ጠባቂውም ቢነከስ ምን እንደሚያደርግ ይወቅ። ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም። የሰው ክትባቱ የትኛው ቦታ እንዳለ ቀድማችሁ ጠይቃችሁ ስልኩን ጻፉለት፤ በሁሉም ቦታ ሁልጊዜ አይገኝም። የሐበሻ መድኃኒት ወይም ጸበል የሚፈልግ ይሂድ፣ ክትባቱን ግን አያስቀርም። ውሻውንም በዱላ ጨርሰው እንዳይጥሉት ንገሯቸው፤ ታስሮ 10 ቀን በባለሙያ መታየት አለበት።

የራሳችሁንም ሐቅ ተናገሩ

ሁሉንም ነገር ከጠባቂው ጠብቀን የእኛን ውሻ ጉድ እንደብቃለን። ልጅ ላይ ይጮሃል? ዶሮ ያባርራል? አጥር ይዘላል? መብረቅ ይፈራል? ሲበላ ሲነኩት ያጉረመርማል? ተናገሩ። እንቁላል ጣይ ዶሮ ያለበት ቤት ዶሮ አዳኝ ውሻ መተው ጠብ መዝራት ነው። ሴት ውሻ ከሆነች ጊዜዋን ቁጠሩ። በአብዛኛው በየስድስት ወሩ ትፈልጋለች፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል፤ በዚያ ሰሞን የሰፈር ወንድ ውሻ ሁሉ በር ላይ ተሰልፎ ያድራል፣ ይናከሳል፣ አጥር ይገባል። ከተቻለ ጉዞውን አዘዋውሩ።

በነገራችን ላይ ይሄ የሕግም ነገር አለው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት፣ ድንገት አምልጦ ቢሆን እንኳ፣ ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ እንስሳውን ተረክቦ በእጁ ያቆየውን ሰውም ያስጠይቃል። ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፉ። የውሻው ስምና መልክ፣ የገባበት ቀን፣ የሚበላው፣ ክፍያው፣ ቢታመም እስከ ስንት ብር ሳይደውል ማሳከም እንደሚችል፣ የክሊኒኩ ስልክ፣ እናንተ ካልተገኛችሁ የሚደወልለት ሰው። ሁለታችሁም ፈርሙ። «በመተማመን ነው እንጂ ወረቀት ምን ያደርጋል» የሚል ካለ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» በሉትና ስቃችሁ አስፈርሙት።

ክፍያውን ግማሹን ስትሄዱ፣ ግማሹን ስትመለሱ ስጡ። የሕክምና ብር ከዚያ ለብቻ ይሁን፤ አለበለዚያ ሰው ከትርፉ እየቀነሰ ማሳከም ይከብደዋል። በዚህ ላይ ቆጣቢ አትሁኑ።

አንድ ሌሊት ሞክሩ

ከጉዞው ሁለት ሳምንት አካባቢ ቀድማችሁ ለአንድ ሌሊት ብቻ ተዉት። ጠዋት ስትወስዱት ድምፁ ተዘግቷል? ሌሊቱን ሲጮህ አድሯል ማለት ነው፣ የመጀመሪያ ሌሊት ስለሆነ ያጋጥማል። ቤት እንደገባ ውሃ ላይ ተደፍቶ ካልተነሳ ግን ሌላ ታሪክ ነው። አንገቱ ላይ የገመድ ምልክት ፈልጉ። ለጠባቂው «እንዴት አደረ?» በሉት። «በጣም ጥሩ፣ ምንም አልሆነም» ብቻ ካለ አላየውም። «እስከ 6 ሰዓት ሲያላዝን ነበር፣ ከዚያ ወጣሁና ትንሽ አብሬው ቆምኩ፣ ራቱን ግማሹን ተወው» የሚል ሰው ካገኛችሁ ያዙት፣ እንዳይለቃችሁ። ክፉውን የሚነግራችሁ ሰው ነው የሚፈለገው።

ከሦስት አራት ቀን በኋላ እንደገና በዚያ በር ይዛችሁት ሂዱ። አሽትቶ ከገባ ጥሩ። እግሩን መሬት ላይ ተክሎ አልገባም ካለ፣ ገመዱንም ቢጎትቱት ወደኋላ ከጎተተ፣ ምክንያቱን ላታውቁ ትችላላችሁ፣ ግን አትተዉት።

ለመንገድም ተዘጋጁ። መንገድ ይዘጋል፣ ኔትወርክ ይጠፋል፤ አምስት ቀን ያላችሁት አሥር ሊሆን ይችላል። ምግቡን እጥፍ አድርጋችሁ ስጡ። ቪዲዮ ካልሠራ በየማታው አንድ አጭር መልእክት ይላክ፣ «በልቷል፣ ተዘግቶበታል» የምትል። «ደህና ነው» የምትለዋን እኔ አልቀበልም። አንገቱ ላይ ስልክ ቁጥራችሁ የተጻፈበት ማሰሪያ ይኑረው፤ ባለቤት የሌላቸው ውሾች ላይ መርዝ የሚጣልበት ጊዜ አለና ከግቢ የወጣ ውሻ ሰው እንዳለው መታወቅ አለበት። ጎኑንም ፊቱንም፣ ልዩ ምልክቱንም ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

ስትመለሱ ከደስታው ጋር ምርመራውንም አድርጉ። ጆሮው ውስጥ፣ ጣቶቹ መሃል፣ ብብቱ ሥር መዥገር ፈልጉ፣ ቁንጫም። ንክሻ ወይም ጭረት ካያችሁ ጠባቂውን ሳትቆጡ ጠይቁት፤ ከማን ውሻ ጋር እንደተናከሰ ማወቅ ስላለባችሁ ነው፣ ከተቆጣችሁት ይደብቃችኋል። ንክሻ ከሆነ ተከትቦም ቢሆን ክሊኒክ ይታይ። በቀጣዮቹ ቀናት ደረቅ ሳል ካመጣ፣ ምግብ ካልበላ ወይም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከታየበት አትጠብቁ፣ ውሰዱት፤ ለጠባቂውም ደውሉለት፣ እሱ ግቢ ያሉትንም ውሾች በሽታው ይዟቸው ሊሆን ይችላል።